ታድሶ የሚሸጥ መኪና፦ ከዲትሮይት ፋብሪካ እስከ ቡሬ ገበያ

በምዕራብ ጎጃም፣ በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም የገበያ ቀን፣ በቅሎ ሊገዛ የመጣ ገበሬ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው ጥርሷን ነው። በቅሎዋ ብትሰባ፣ ጠጉሯ ቢያብረቀርቅ፣ ኮርቻዋ ቢያጌጥ፣ ዕድሜዋ የሚታወቀው ከከንፈሯ በስተውስጥ ነው። ቀጥሎም ሻጩ የማን ልጅ እንደሆነ፣ በቅሎዋን ከየት እንዳመጣት፣ ነገ «የእኔ ናት» የሚል ሰው ቢነሣ ዋስ የሚሆነው ማን እንደሆነ ይጠየቃል። ስለ ዋጋ መነጋገር የሚጀመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አሮጌ መኪና ግን ጥርስ የለውም። ይልቁንም ተፈታትቶ የታደሰ፣ ቀለሙና መቀመጫው እንደ አዲስ የተሠራ መኪና ለገበያ ሲቀርብ፣ ዕድሜውን የሚመሰክር ምልክት ሁሉ አስቀድሞ በአዳሹ እጅ ተወግዷል። ታዲያ ገዢው የሚገዛው ምንድን ነው? ብረቱን ነው ወይስ ሌላ ነገር? ይህ ጥያቄ ከማንም አገር ይልቅ በአሜሪካ ጎልቶ ወጥቷል፤ እዚያ ከ50 ዓመት በፊት እንደ ቁርጥራጭ ብረት የተጣለ መኪና ዛሬ በሚሊዮን ዶላር ይሸጣልና። ስለሆነም የዚህን መኪና ታሪክ መርምሮ፣ በጎጃም አውራ ጎዳና ላይ ከኖሩት አሮጌ መኪናዎች ታሪክ ጋር ማስተያየቱ ለሙያው ባለቤቶች ይጠቅማል።

የጉልበተኛው መኪና ልደት

አሜሪካኖች «መስል ካር» ማለትም የጡንቻ መኪና ብለው የሚጠሩት፣ መካከለኛ መጠን ባለው አካል ላይ ትልቅ ሞተር የተገጠመለትን መኪና ነው። ከዚያ በፊትም ትላልቅ ሞተሮች አልጠፉም፤ ነገር ግን ስያሜው ከሁሉ በላይ የተያያዘው እ.ኤ.አ. በ1964 ከቀረበው ፖንቲያክ ጂ ቲ ኦ ጋር ነው። በዚያን ጊዜ የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ መመሪያ መካከለኛ መኪናዎቹ ከ330 ኩቢክ ኢንች፣ ማለትም ከ5.4 ሊትር በላይ የሆነ ሞተር እንዳይገጠምላቸው ይከለክል ነበር። የፖንቲያክ ዋና መሐንዲስ የነበረው ጆን ዲሎሪያንና ባልደረቦቹ ለዚህ መመሪያ ማምለጫ አገኙለት። ይኸውም ባለ 389 ኩቢክ ኢንች ሞተሩን እንደ አዲስ መኪና ሳይሆን፣ ወደ 300 ዶላር በሚጠጋ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚታዘዝ ምርጫ አድርገው አቀረቡት። በመጀመሪያ ይሸጣል ተብሎ የታሰበው 5,000 ያህል ሲሆን፣ በዚያው ሞዴል ዓመት የተሠራው 32,450 ደረሰ። ከእነዚህም መካከል ጣራቸው የሚታጠፍ፣ ኮንቨርቲብል የሚባሉት 6,644 ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የወጣው ፎርድ ሙስታንግ ደግሞ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሠራ።

የኮንቨርቲብሉ ቁጥር ማነስ ምክንያት ነበረው። ዋጋው ከባለ ጣራው ይበልጣል፤ ለዝናብና ለብርድ አይመችም፤ ለመሐንዲሱም ሸክም ነው። የካርቶን ሣጥን ክዳኑ ሲነሣ በቀላሉ እንደሚጠመዘዝ ሁሉ፣ የመኪናም አካል ጣራው ሲወገድ የመጠምዘዝ ጥንካሬውን በእጅጉ ያጣል። ይህን ለማካካስ የሙስታንግ ሠሪዎች ከወለሉ ሥርና ከበሩ በታች ባለው ደፍ ውስጥ ተጨማሪ ብረት አስገቡ። የጄኔራል ሞተርስ መሐንዲሶችም ለክፍት መኪናዎቻቸው አንድ ጎኑ ክፍት የሆነውን የሻንሲ ብረት ትተው አራት ጎኑ የተዘጋ ሻንሲ ሠሩ። ከዚህም የተነሣ ክፍቱ መኪና ጣራ ጎድሎት ሳለ ከባለ ጣራው ይልቅ ይከብዳል። ተራ ተመልካች ይህን አያየውም። ወደፊት ግን እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለየው ይኸው የተደበቀ ብረት ሆኗል።

ክፍት መኪና ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አልነበረም፤ ነገር ግን የሚያውቁት እንደ ክብረ በዓል ተሽከርካሪ ነው። በመስከረም 1956 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋሽንግተንን ሲጎበኙ ከፕሬዚዳንት ኬኔዲ ጋር በክፍት መኪና ሆነው በሕዝብ መካከል አልፈዋል። ወጣት ሠራተኛ በወር ክፍያ የሚገዛው፣ ቅዳሜ ማታ የሚወዳደርበት ክፍት መኪና ግን የአሜሪካ የተለየ ኑሮ ውጤት ነበር።

አንድ የነዳጅ ድንጋጤ፣ ሁለት ውጤት

የዚህ መኪና ዘመን ከአሥር ዓመት አልዘለለም። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የአየር ንጽሕና ሕግ ሞተሮች የሚያወጡትን ጭስ እንዲቀንሱ አስገደደ። በ1971 ጄኔራል ሞተርስ ሞተሮቹ እርሳስ በሌለው ቤንዚን እንዲሠሩ የእመቃ መጠናቸውን ዝቅ አደረገ። የመድን ኩባንያዎችም በጉልበተኛ መኪና ላይ የሚጠይቁትን ክፍያ ከፍ አደረጉ። በመጨረሻም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የዐረብ ነዳጅ አምራቾች ያደረጉት እገዳ የቤንዚንን ዋጋ ወደ ላይ አወጣው። ትናንት የተመኙት መኪና በቅጽበት ዕዳ ሆነ፤ በየጓሮው ተጣለ፤ በጥቂት መቶ ዶላር ተለወጠ፤ ሞተሩም እየወጣ ለሌላ መኪና ተሸጠ።

ይኸው ድንጋጤ ወደ ኢትዮጵያ ሲደርስ የገጠመው ጡንቻማ መኪናዎችን ሳይሆን ትናንሽ ታክሲዎችን ነው። የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ያህል በመጨመሩ የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ። መንግሥትም በቀናት ውስጥ ዋጋውን ዝቅ ለማድረግ ተገደደ፤ የተቀጣጠለው ነገር ግን አልበረደም። ንጉሠ ነገሥቱም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በአንዲት ትንሽ ቮልስዋገን ነበር። በአንድ ወገን ትልቁን መኪና ከገበያ ያስወጣ የዋጋ ለውጥ በሌላው ወገን ሥርዓተ መንግሥት እንዲናወጥ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ሆነ።

አሜሪካኖች የክፍቱ መኪና ታሪክ በዚያው ያበቃ መስሏቸው ነበር። እ.ኤ.አ. የ1976ቱ ካዲላክ ኤልዶራዶ «የመጨረሻው የአሜሪካ ኮንቨርቲብል» ተብሎ በማስታወቂያ ሲነገርለት፣ ዋጋው ይጨምራል ብለው ገዝተው ያስቀመጡት ጥቂቶች አልነበሩም። ይሁንና በ1982 ክራይስለር ክፍት መኪና እንደገና አወጣ፤ በ1984 ካዲላክ ራሱ ተከተለ። ተታለልን ያሉ ገዢዎች ክስ እስከ መመሥረት ደረሱ። በአንጻሩ ማንም «ያስቀመጡት ይጠቅማል» ያላላቸው የጓሮ መኪናዎች ውድ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1971 ሄሚ የሚባለው ባለ 426 ኩቢክ ኢንች ሞተር የተገጠመላቸው የፕሊመዝ ኩዳ ኮንቨርቲብሎች 11 ብቻ ነበሩ፤ አዲስ ሳሉ ዋጋቸው ከጥቂት ሺህ ዶላር አያልፍም ነበር። ከእነርሱ አንዱ በ2014 በሲያትል ከተማ በሐራጅ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

ብረቱና መዝገቡ

እንዲህ ያለው ዋጋ ሊከፈል የቻለው መኪናው ስለሚሮጥ አይደለም፤ ዛሬ የሚሠራ ተራ የቤተሰብ መኪና ከእርሱ የተሻለ ፍሬንና የተሻለ መሪ አለው። ውበቱም ብቻ አይደለም፤ አሁን የአካሉ ቆርቆሮ፣ መቀመጫውና መብራቱ ሳይቀር እንደ ጥንቱ እየተደረገ በፋብሪካ ይሠራል። የተሟላ እድሳት ሲደረግ አካሉ ከሻንሲው ተነጥሎ በማዞሪያ እንጨት ላይ እንዳለ ጥብስ እየተገለበጠ ይታጠባል፤ የዛገው ተቆርጦ አዲስ ይበየድበታል። ገንዘብ ያለው ሰው ሁሉንም ብረት ማሠራት ይችላል። ማሠራት የማይችለው ታሪኩን ብቻ ነው።

ስለዚህ የዚህ ገበያ ዋና ጥያቄ «ቁጥሩ ይገጥማልን?» የሚል ሆነ። ይህም ማለት ሞተሩ፣ ካምቢዮውና አካሉ ከፋብሪካ አብረው የወጡ መሆናቸው በየላያቸው በተመታው ቁጥር ይመሳከራል ማለት ነው። ጉዳዩ ሲመረመር ግን ቁጥር ብቻውን እንደማይበቃ ይታያል። ከላይ እንደ ተገለጸው ጂ ቲ ኦ እ.ኤ.አ. በ1964ና በ1965 ራሱን የቻለ ሞዴል ሳይሆን የተጨማሪ ክፍያ ምርጫ ስለነበረ፣ በመኪናው መለያ ቁጥር ውስጥ ጂ ቲ ኦ መሆኑን የሚገልጽ ምልክት የለም። ርካሹን ፖንቲያክ ለማን ገዝቶ፣ ትልቁን ሞተር ገጥሞ፣ ምልክቱን ለጥፎ መሸጥ ለብልጣ ብልጥ ሰው ቀላል ሆነ። ከዚህ ማታለል ገዢውን ያዳነው፣ ፋብሪካው ለእያንዳንዱ መኪና የጻፈው የሽያጭ ሰነድ ሳይጣል መቆየቱ ነው። የክራይስለር መኪናዎችን በተመለከተም፣ ሠራተኞች እንዲገጥሙት የታዘዘው ዕቃ የተዘረዘረበት ወረቀት አንዳንድ ጊዜ በመቀመጫው ሽቦ ውስጥ ተረስቶ ይገኛል። በዘመኑ ለማንም ዋጋ ያልነበረው ይህ ቢጫ ወረቀት ዛሬ የመኪናውን ዋጋ ከፍ ያደርጋል።

ኮንቨርቲብሉም እንዲሁ ነው። የባለ ጣራውን መኪና ጣራ ቆርጦ ሸራ ማልበስ ይቻላል፤ በፎቶግራፍ ላይ ልዩነት አይታይም። ነገር ግን በደፉ ውስጥ ያለው ተጨማሪ ብረትና የተዘጋው ሻንሲ ከሌለ፣ መኪናው ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ ሲወጣ በሮቹ አልዘጋ ይላሉ፤ መስታወቱ ይሰነጠቃል። በመሆኑም ዐዋቂ ገዢ የሚያብረቀርቀውን ቀለም ትቶ ከመኪናው ሥር ይተኛል። ይህ የበቅሎዋን ከንፈር ገልጦ ከማየት በምንም አይለይም።

የጎጃም መንገድና የእኛ አሮጌዎች

በኢትዮጵያ የመኪና ታሪክ የሚጀምረው በ1900 ዓ.ም. ነው። እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣት ሲድሊ መኪና ከጅቡቲ ተነሥታ አዲስ አበባ ለመድረስ ወራት ፈጅቶባታል። ወደ ጎጃም ግን መኪና እንደ ልብ መግባት የጀመረው ጣልያኖች በወረራው ዘመን መንገድ ካወጡ በኋላ ነው። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስም መኪና ገና የማይታመን መጓጓዣ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን በኦሜድላ ድንበሩን ተሻግረው ወደ በላያ ሲጓዙ፣ የሠራዊቱን ስንቅ የተሸከሙት በሺህ የሚቆጠሩ ግመሎች ነበሩ። ቡሬ በየካቲት ማብቂያ ላይ ከጠላት እጅ ወጣች፤ መጋቢት 28 ቀንም ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ፍኖተ ሰላም፣ ማለትም የሰላም መንገድ የሚለውን ስም ያገኘችው ከዚህ ጉዞ ነው።

ከነፃነት በኋላ የመንገዱ ሥራ ከአሜሪካኖች ጋር ተቆራኘ። በ1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ አበደረ፤ ይህም ባንኩ በአፍሪካ ከሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ብድሮች አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም የአሜሪካ የመንገድ መሥሪያ ቤት መሐንዲሶች አገዙት። የአሜሪካ እውቀት ወደ ጎጃም መንገድ ደረሰ፤ የአሜሪካ ጉልበተኛ መኪና ግን የዚህ መንገድ ሰው አልነበረም። ምክንያቱ የቴክኒክ ነው። ጂ ቲ ኦ ባሕር ጠለል ላይ 325 የፈረስ ጉልበት ቢኖረው፣ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ቡሬ አየሩ ስለሚሳሳ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። የእመቃ መጠኑ 10.75 ለ1 ስለሆነ ከፍተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ አራቱም ጎማው የከበሮ ፍሬን ብቻ ነበረው፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ እንዲህ ያለ ፍሬን ግሎ ኃይሉን ያጣል።

ስለዚህ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መንገድ የኖሩት ላንድሮቨርና የፊያት የጭነት መኪናዎች ናቸው። የቡሬን በርበሬና የብር ሸለቆን አካባቢ በቆሎ ወደ ገበያ ያወጡት እነርሱ ናቸው። በእነዚህ ላይ የተሠራው ሥራ ግን ከአሜሪካው እድሳት ጋር በጠባዩ ይለያያል። ማደስ ማለት ነገሩን ወደ ነበረበት መመለስ ነው፤ መጠገን ማለት ግን ነገሩ ሥራውን እንዲቀጥል ማድረግ ነው። የእኛ መካኒክ ጠጋኝ ነው። የላንድሮቨሩ ሞተር ሲያልቅ የጃፓን ሞተር ይገጥምለታል፤ ፍሪሲዮኑን ከአንድ፣ ኩሽኔታውን ከሌላ ያመጣል፤ የጠፋውን ዕቃ በቶርኖ ያስወጣል። በአሜሪካ ሐራጅ ፊት ይህ መኪና ዋጋ የለውም፤ ቁጥሩ አይገጥምምና። በቡሬ ገበያ ፊት ግን ቁጥሩ የገጠመና የቆመ መኪና ነው ዋጋ የሌለው።

በኢትዮጵያ አሮጌ መኪና ውድ ሆኖ የኖረው በብርቅነቱ ሳይሆን በምትኩ አዲስ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከወጣ ወዲህ፣ ረጅም ዘመን ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባት ዋጋውን ብዙ እጥፍ የሚያደርስ ታክስ ያስከፍላል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለሆነም ከቀድሞው ዘመን የቀሩት ቮልስዋገኖች፣ ላንድሮቨሮችና ጥቂት የአሜሪካ መኪናዎች ከእንግዲህ ምትክ የላቸውም። በአዲስ አበባ ቮልስዋገንን አሳምሮ ማደስና መሸጥ ሥራ መሆኑም የዚህ ምልክት ነው። የጠጋኙ አገር ቀስ በቀስ የአዳሽ አገር ወደ መሆን እየተሸጋገረ ነው ማለት ይቻላል።

የሚቀረው ሥራ

አደጋውም እዚህ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ የመኪና መዝገብ የሚባለው ሊብሬው ነው። ሊብሬው የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ይይዛል፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ይናገራል፤ የመኪናውን ኑሮ ግን አይናገርም። ሞተሩ መቼ ወጣ? ሻንሲው የት ላይ ተበየደ? የተበየደውስ በማን እጅ ነው? ይህ ሁሉ በመካኒኩ ራስ ውስጥ ይኖራል፤ መካኒኩ ሲያልፍ አብሮት ያልፋል። መኪናው ለጠጋኝ ሲሠራ በኖረበት ዘመን ጉዳቱ አይታወቅም ነበር፤ ሻጩም ገዢውም መኪናው ሲሮጥ አይተው ይዋዋላሉ። አሁን ግን አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ በከፍተኛ ዋጋ ሲሸጥ፣ ከቀለሙ ሥር የተደበቀ ደካማ ብየዳ በዓባይ ቁልቁለት ላይ የሰው ሕይወት ሊጠይቅ ይችላል።

ሕጋችን የሻጩን ኃላፊነት አልዘነጋም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የተስማማና ጉድለት የሌለበት መሆኑን እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። ሕጉ የጠየቀውን ለማስረዳት ግን ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ማስረጃውን የሚያዘጋጀው ዳኛ ሳይሆን ጋራዡ ነው። በየጋራዡ አንድ ደብተር ተከፍቶ የወጣው ዕቃ፣ የገባው ዕቃና ቁጥሩ፣ የተበየደበት ቦታ፣ ቀኑና የሠሪው ስም ቢጻፍ ወጪው የወረቀትና የቀለም ብቻ ነው። የተለወጠውን መደበቅም አያስፈልግም። የጃፓን ሞተር የተገጠመለት ላንድሮቨር በመዝገብ ከተገለጸ ሐሰተኛ አይደለም፤ ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ያለ ዕቃ አቅርቦት መኪና ያኖሩ የእጅ ባለሙያዎች ታሪክ ነው። ይህም ታሪክ ከዲትሮይት ፋብሪካ ታሪክ ያነሰ ክብር የለውም።

የፖንቲያክ ጸሐፊዎች የሽያጩን ሰነድ በመዝገብ ሲያኖሩ ከ60 ዓመት በኋላ ማን እንደሚፈልገው አያውቁም ነበር፤ ሥራቸው ስለሆነ ብቻ ጻፉ። የቡሬ ገበያ ነጋዴም በቅሎዋን ሲሸጥ የእገሌ ልጅ ነኝ፣ ከእገሌ ቤት ነው ያመጣኋት፣ ዋሴም ይኸው ብሎ ይናገራል። በሁለቱም ዘንድ ዋጋው የሚቆረጠው ከቃሉ በኋላ ነው። አሮጌ መኪና የሚያድስ ሰውም መፍቻውን ሲያነሣ እስክሪብቶውን ከአጠገቡ ሊያኖር ይገባዋል፤ መኪናው ጥርስ ስለሌለው ስለ ዕድሜው የሚናገርለት የተጻፈው ብቻ ነውና።